የጨማቂዎቹ ድድ

በ፲፰፻፴፬ ዓመተ ምሕረት፣ በጥር ወር አጋማሽ፣ ከየብስ የአንድ ቀን የጀልባ መንገድ ርቆ በባሕር መካከል የቆመው የድንጋይ ምሽግ በነፋስ ከተዘጋ ሦስት ወር ሞልቶት ነበር፤ ማዕበሉ እስከ መጋቢት መጨረሻ ሰው አያስገባም፣ ሰው አያስወጣም፤ በውስጡም ሦስት መቶ አሥር ወታደሮች፣ አንድ ሻለቃ፣ አንድ ሐኪም፣ ዘጠኝ ሎሚ ጨማቂ ሴቶችና አንድ መዳብ ቀጥቃጭ ደረቅ ብስኩትና በጨው የተያዘ ሥጋ እየበሉ ይኖሩ ነበር። መድፎቹ ሁሉ ጠላት ይመጣበታል ወደ ተባለው አቅጣጫ ዞረዋል፤ ሰዎቹ ግን ያን ሰሞን ባሕሩን ማየት ትተው እርስ በርሳቸው ይተያዩ ጀመር፤ ምክንያቱም ወታደሩ ከአፉ ይደማ ነበር።

ነገሩ የጀመረው በድካም ነው፤ ዘብ የወጣው ሰው ጠመንጃውን ተደግፎ ያንቀላፋል፤ ደረጃ የወጣው መሐል ላይ ይቀመጣል፤ ቀጥሎ ድዱ አብጦ ይጠቁራል፤ ብስኩት የነከሰ ሰው በብስኩቱ ላይ ደሙን ያያል፤ ከአሥር ዓመት በፊት የዳነ የጦር ቁስል እንደ ትናንት ቁስል ይከፈታል። በጥር አጋማሽ ስልሳ አራት ሰዎች አልጋ ይዘው ነበር፤ የሞቱት ዘጠኙ ደግሞ ምሽጉ አለት በመሆኑ መቃብር ስለማይቆፈርበት በምሥራቁ ግንብ ሥር ድንጋይ ተከምሮባቸው ነበር።

ይህን ደዌ ሎሚ እንደሚከላከለው በዚያ ዘመን ያልሰማ የባሕር ሰው አልነበረም፤ ለምን እንደሚከላከለው ግን የሚያውቅ አንድም አልነበረም፤ እናውቃለን የሚሉት ብዙ ነበሩ። በየዓመቱ ነፋሱ ሳይዘጋ በፊት አርባ ጆንያ ሎሚ በጀልባ ይመጣል፤ ሴቶቹ ይጨምቁታል፤ ጭማቂው በጠርሙስ ተከቶ በግምጃ ቤት ይቀመጣል፤ ለእያንዳንዱ ወታደር በቀን አንድ ማንኪያ ይሰጠዋል። ባለፉት ዓመታት ጭማቂው ሻጋታ እያወጣ ግማሹ ወደ ባሕር ይደፋ ነበር፤ ይሁንና በዚያ በሻገተ ጭማቂ የታመመ ሰው እምብዛም አልነበረም። ዘንድሮ ጭማቂው እንደ ማር ወፍሮ፣ ጠርቶ፣ አንዲት ጠርሙስ ሳትሻግት ተቀምጧል፤ ሰውም እንደ ቅጠል ይረግፋል። እንግዲህ ሎሚው ከመጣ፣ ማንኪያውም ካልተቋረጠ፣ መሐል ላይ ሌባ አለ ማለት ነው፤ በምሽጉ ውስጥ ከሻለቃው እስከ መጨረሻው ዘብ ድረስ የታሰበው ይኸው ነበር።

ጭማቂውን ያጠራው ሰው መዳብ ቀጥቃጩ ነው። ወታደሮቹ «ጋሼ ድስቴ» ይሉት ነበር፤ አፉን በከፈተ ቁጥር «ድስቴ እንዲህ አለች፣ ድስቴ እንዲያ ሆነች» ስለሚል ነው። ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ ፊደል ቢቆጥርም ንባቡ እንደ ዳገት የሚያደክመው፣ እጁ ግን መዳብን እንደ ሊጥ የሚያዝ ሰው ነበር። ባለፈው በጋ ሐኪሙ ዘንድ ቀርቦ፣ «ጌታዬ፣ ጭማቂው ሩብ እስኪቀር በእሳት ቢሰበሰብ አይሻግትም» ብሎ ነበር፤ ሐኪሙ ከመጽሐፉ ቀና ሳይል «አንተ ድስትህን ፈትግ» አለው። ከሁለት ወር በኋላ ግን ለበላይ አለቆች በተላከ ደብዳቤ ላይ «እኔ ባገኘሁት ዘዴ» የሚል ቃል እንደ ተጻፈ ከጸሐፊው አፍ ተሰማ። ድስቴ ይህን ሰማ፤ አልረሳውምም። ከዚያ ወዲህ በገዛ እጁ የቀጠቀጣት ትልቂቱ የመዳብ ድስት የእሱ መልስ ሆነች፤ በየጠዋቱ በሎሚ ልጣጭና በጨው እስክታበራ ይፈትጋታል፤ ፊቱን ያያባታል፤ ልጣጭ ሁሉ ወደ እሱ እንዲመጣ፣ አንዲት እንኳ እንዳትጣል ለጨማቂዎቹ ትእዛዝ ሰጥቶ ነበር።

የጨማቂዎቹ አለቃ የነበረችው የገዛ ልጁ ናት፤ ባሏን በዚሁ ምሽግ በትኩሳት ያጣች፣ ከአባቷ በተሻለ የምታነብ፣ የግምጃ ቤቱን ቁልፍ በአንገቷ ያንጠለጠለች የሃያ አራት ዓመት ሴት ነበረች። ወታደሮቹ ስታልፍ «እመቤት ቁልፍ» እያሉ ይለክፏታል፤ እሷም «ለአፋችሁ የሚሆን ቁልፍ ባገኝ ደግ ነበር» ትላቸዋለች።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሻለቃው፣ ሐኪሙና አራት ዘቦች ወደ መጭመቂያው ቤት ገቡ። ሴቶቹ በረድፍ እንዲቆሙ ታዘዙ። ሐኪሙ ከግምጃ ቤት ያስመጣውን ጠርሙስ ከፍቶ በማንኪያ ቀመሰና ፊቱን አጨማደደ።

«እጅግ ይኮመጥጣል» አለ።

«ታዲያ ደግ አይደል?» አለ ሻለቃው። መሐረቡን ከአፉ አያርቅም ነበር።

«ክቡር ሻለቃ፣ ከመጠን በላይ ነው። ደጉን ጭማቂ ጠጥተው በቦታው ኮምጣጤ ሞልተውት ይሆናል።»

ከበሩ አጠገብ የቆመው ድስቴ አላስቻለውም፤ «ጌታዬ ሐኪም፣ አራት ጠርሙስ አንድ ጠርሙስ ውስጥ ሲገባ እንዴት አይኮመጥጥ? ባይኮመጥጥ ደግሞ ውሃ ጨመሩበት ሊሉ ነው።»

«አንተን የጠየቀ የለም።»

ከዚያ ሐኪሙ ከረድፉ ጫፍ ጀመረ። «አፍሽን ክፈቺ።» አንዷ ከፈተች፤ ሁለተኛዋ ከፈተች፤ በአውራ ጣቱ ከንፈራቸውን እየገለበጠ ድዳቸውን ወደ ብርሃን ያዞራል። ሦስተኛዋ ባልቴት ነበረች፤ በምሽጉ ካሉት ሁሉ በዕድሜ የምትበልጥ፣ በአፏ ውስጥ ጥርስ የሚባል ያልቀረላት።

«ምን ልትመረምሩ ነው፣ ጌታዬ?» አለች፤ «ከኔ የሚሰረቅ ከሃያ ዓመት በፊት ተሰርቆ አልቋል።»

ዘቦቹ ሳቁ። ሐኪሙ ግን አልሳቀም፤ ጎንበስ ብሎ ባዶውን ድድ ለረጅም ጊዜ ተመለከተ፤ የሕፃን ድድ መስሎ ቀልቶ፣ ጠንክሮ፣ አንዲት ነጠብጣብ የሌለው ነበር። ቀና ሲል ድምፁ ተለወጠ።

«ክቡር ሻለቃ፣ ለእነዚህ ሴቶች ስንት ማንኪያ ነው የተመደበላቸው?»

«ለጨማቂ ማንኪያ አልተመደበም።»

«እንግዲያው ሦስት መቶ ሰው ማንኪያውን እየወሰደ ሲደማ፣ ማንኪያ የሌላቸው ዘጠኝ ሴቶች ድዳቸው እንደ ጽጌረዳ የሆነው በምንድን ነው?»

ታምመው ቢሆን ኖሮ የሚጠይቃቸው አልነበረም፤ ጥፋታቸው ጤንነታቸው ሆነ። ሐኪሙ ወደ ድስቴ ልጅ ሲደርስ ከንፈሯን ከመንካቱ በፊት እሷ ራሷ ገለጠችለትና፣ «ይኸው፣ ሠላሳ ሁለቱም አሉ፤ ሊቆጥሯቸው ነው?» አለችው።

«ቁልፉስ?»

«እሱም አንዱ አለ።»

«ሌላ የሚከፍት ሰው አለ?»

«የለም።»

በዚያች ቃል ራሷን አሰረች። በግምጃ ቤቱ በር ላይ የተለጠፈው ደንብ የሕሙማንን ድርሻ የሰረቀ በገመድ ይሙት የሚል ነበር፤ ሻለቃው ስምንቱ በመጭመቂያው ቤት እንዲጠበቁ፣ አለቃይቱ በእስር ክፍል እንድትገባ፣ የተሰረቀው ጭማቂ የት እንዳለ እስከ አሥራ አምስት ቀን ካልተናገረች ደንቡ እንዲፈጸምባት አዘዘ። ዘቦቹ የሴቶቹን ጓዝ ሲበረብሩ ዋሉ፤ ጠርሙስ ግን አላገኙም፤ በጨው ተነስንሶ በማሰሮ የታመቀ የሎሚ ልጣጭ አግኝተው «የምን ቆሻሻ ነው የሚያከማቹት!» ብለው በእግራቸው ገፉት።

ድስቴ ያን ቀን ወደ ሥራው አልተመለሰም። ሰው ሁሉ ልጁን ሲጠረጥር እሱ ቢቆጣ ደግ ነበር፤ ነገር ግን ቁጣው ውስጥ አንዲት ትንሽ ነገር ትቆረቁረው ነበር። ከጥቅምት ጀምሮ ወደ እሱ የሚመጣው የልጣጭ ቅርጫት ጎድሎ ይመጣ ነበር። ሁለት ጊዜ ጠይቋት፣ «ሎሚው ትንንሽ ነው» ብላ ዓይኗን ዘወር አድርጋለች። በልጣጭ የዋሸች ልጅ በጭማቂስ? ደግሞ የገዛ አፉን ያውቀው ነበር፤ ከድስቷ በቀን አምስት ጊዜ የሚቀምሰው እሱ፣ ከገና በፊት ጀምሮ ድዱ እየደማ፣ ሰው እንዳያይበት ከንፈሩን ገጥሞ ይውል ነበር፤ ወታደሩ ኩራት ነው ይለው ነበር። የእኔ ጭማቂ ደግ ከሆነ እኔ ለምን እደማለሁ? ወደ ድስቷ የገባው ጭማቂ አስቀድሞ ተቀይሮ ቢሆንስ? ይህን ማሰቡ አሳፈረው፤ ማሰቡን ግን አልተወም።

በማግስቱ ወደ ልጁ መኝታ ገባ። ዘቦቹ ሳጥኗን ያልከፈቱት ቁልፉ ጠንካራ ስለሆነ ነበር፤ አወዛውዘው ጠርሙስ ስላልተንቋቋበት ነበር የተዉት። አባቷ ግን በአንዲት ሽቦ ከፈተው። የሟች ባሏ ቀበቶ አለ፤ ሁለት ቀሚስ አለ፤ ከታች በጨርቅ የተጠቀለለ ማሰሮ አለ። ክዳኑን አነሣ። ልጣጭ ነበር፤ ከጥግ እስከ ጥግ በጨው የታመቀ ልጣጭ፤ ለድስቷ የሚገባው ልጣጭ።

ማሰሮውን ታቅፎ ወደ እስር ክፍሉ ሄደ። ዘቡ በመስኮቷ በኩል እንዲያነጋግራት ፈቀደለት።

«ሳጥኔን ማን ከፈተው?» አለች፣ ማሰሮውን እንዳየች።

«እኔ።»

«ቁልፉ እኮ አንገቴ ላይ ነው፣ አባዬ።»

«ቁልፍ ለእኔ ምንድን ነው?»

«ጭማቂ አገኛለሁ ብለህ ነው?»

አላስተባበለም። እሷም ወደ ግድግዳው ዞራ ትንሽ ሳቀች፤ ሳቁ የማያስደስት ሳቅ ነበር።

«ሐኪሙስ ባዕድ ነው» አለች።

«ልጄ፣ ለምን ዋሸሽኝ? ልጣጩን ለምን ደበቅሽ?»

«አንተ ልጣጩ ሁሉ ለድስቴ አልክ! እኛን ደግሞ ብስኩቱ አፋችንን እንጨት አደረገው። እትዬ ባልቴት ናት የጀመረችው፤ በጨው ነስነስ አድርጋ ቀበረችው፣ በሳምንቱ ለሰለሰ፤ ድድ ብቻ ላለው ሰው ይመቻል። ቀመስን፣ ጣፈጠን። ከዚያ ሁላችንም ያዝን። በየቀኑ ከብስኩት ጋር ነው የምንበላው።»

«ለሐኪሙ ይህን መንገር አቃተሽ?»

«ልጣጭ ሰረቅኩ ብለው፣ ልጣጭ የሰረቀች ጭማቂ አትተውም አይለኝም? አንተ ራስህ አላልክም?»

ድስቴ ወደ ግቢው ወጥቶ በመድፍ ጎማ ላይ ተቀመጠ፤ እንደ ሥራው ሰው ነገሩን በእጁ እያገላበጠ ማሰብ ጀመረ። ሎሚው አንድ ነው፤ ጆንያው አንድ ነው። ልጣጩን የበሉት አልታመሙም፤ ጭማቂውን የወሰዱት ታመሙ። አምና ጭማቂው ሻግቶ ነበር፤ ሰው አልታመመም። በአምናና በዘንድሮ መካከል የገባ ነገር ምንድን ነው? እሳት ነው። ድስት ናት። ብረት በማይበዛ እሳት ጥንካሬው እንደሚሄድ፣ መልኩ ግን እንዳለ እንደሚቀር ያውቃል፤ ከላይ ያየው ሰው አይለየውም። ጭማቂውም እንዲሁ ኮምጣጣነቱ ቀርቶለት ኃይሉ ሄዶ ቢሆንስ? የምንቀምሰው ኮምጣጣነቱን ነው፤ ሰውን የሚያቆመው ነገር በምላስ የማይታወቅ ሌላ ቢሆንስ? ይህን ሲያስብ ከቀትር በኋላ ፀሐይ በድስቷ ላይ አርፋ ታበራ ነበር፤ እሱ ግን ያን ቀን ወደ እሷ ማየት አልቻለም።

ሻለቃው ፊት ሲቀርብ ሐኪሙም ነበረ።

«ክቡር ሻለቃ፣ ሌባ የለም» አለ ድስቴ፤ «ጭማቂውን የገደልኩት እኔ ነኝ። እሳቱ ነው፤ ምናልባትም መዳቡ። ሴቶቹን ያዳናቸው ያልበሰለው ልጣጭ ነው።»

ሐኪሙ ሳቀ። «አባት ነው፤ ሌላ ምን ይበል? ቆሻሻ ሰውን ያድናል ብሎ የጻፈ ማን አለ?»

«የጻፈ አላውቅም። ይህን ግን እዩ» ብሎ ድስቴ ከገና በፊት ጀምሮ የገጠመውን ከንፈር ገለጠ፤ ድዱ ጠቁሮ ከፊት ጥርሶቹ ሥር ደም ያዥ ነበር። «ሌባ ከግምጃ ቤት ሰርቆ ቢሆንስ፣ ከዚያ በፊት ከድስቷ በቀን አምስት ጊዜ የምቀምሰው እኔ ለምን እደማለሁ? ከታመሙት ስድስት ስጡኝ። ሦስቱ ከድስቴ ጭማቂ በቀን አራት ማንኪያ ይውሰዱ፤ ሦስቱ ልጣጭ ይብሉ። አሥር ቀን ብቻ። ልጣጭ የበሉት ካልተነሡ እኔንም ከልጄ ጋር ስቀሉኝ።»

«ክቡር ሻለቃ፣ ይህ ሰው በሕሙማን ላይ ሊጫወት ነው!»

ሻለቃው መሐረቡን አጥፎ፣ ደሙን አይቶ፣ ወደ ኪሱ ከተተው። «ሐኪም» አለ በዝግታ፤ «ያንተ ማንኪያ ሦስት ወር ተሰጠው። የዚህ ልጣጭ አሥር ቀን ቢሰጠው ማን ይከስሰኛል?»

ይሁንና ማንም ማንን አላመነም። ሐኪሙ፣ አባትዬው በጭማቂው ላይ አንዳች ነገር ይጨምራል ብሎ ጠረጠረ፤ አባትዬው፣ ሐኪሙ ልጣጩን ያስደፋዋል ብሎ ጠረጠረ፤ ሻለቃው ሁለቱንም ጠረጠረ። ስለዚህ ጠርሙሱና ማሰሮው በአንድ ሣጥን ተቆልፈው ሦስት መቀርቀሪያ ተደረገላቸው፤ ሦስቱም ሰዎች የየራሳቸውን ቁልፍ ያዙ፤ ሣጥኑ የሚከፈተው በቀን አንድ ጊዜ፣ በቀትር፣ ሦስቱም ቆመው ሳለ ነበር። ድስቴ ራሱ ማስረጃውን በላ እንዳይባል ልጣጭ አፉ ላለማስገባት ማለ።

ከስድስቱ አንዱ ከበሮ መቺው ነበር፤ አርባ ዓመት የሆነው፣ ምሽጉን ሁሉ የሚያስቅ ሰው። በየትኛው ረድፍ ትሆናለህ ሲባል፣ «እኔንማ ከጋሼ ድስቴ ጋር አድርጉኝ» አለ፤ «ልጣጭ ለአህያ ነው። እኔ በማንኪያ የምበላ የተከበርኩ ሰው ነኝ። አይደለም እንዴ፣ ጋሼ?»

ድስቴ «በልጣጩ ሁን» ሊለው አፉን ከፈተ። ሐኪሙ ያየው ነበር። «ራሱ መርጧል» አለ ሐኪሙ። ድስቴ አፉን ገጠመ።

እስከ አራተኛው ቀን ለውጥ አልታየም፤ ወታደሩ ልጅቱ የምትሰቀልበትን ቀን በጣቱ ይቆጥር ጀመር። በአምስተኛው ቀን ግን ከልጣጭ በሊዎቹ አንዱ ራሱ ተነሥቶ ውሃ ቀዳ፤ በስድስተኛው ሁለተኛው ብስኩቱን ሳይነክር ነከሰ። በጭማቂው ረድፍ የነበሩት ደግሞ በቀን አራት ማንኪያ እየወሰዱ ባሱ። በሰባተኛው ቀን ቀትር፣ ማንኪያው ከተሰጠ በኋላ፣ ከበሮ መቺው የድስቴን እጅ ያዘ። እግሩ ጠቁሯል፤ ትንፋሹ አጥሯል።

«ጋሼ ድስቴ፣ ይቺ ድስትህ ተቀይማኛለች መሰለኝ» አለው፤ «ምን በደልኳት? እነዚያ እኮ እየተነሡ ነው። ከልጣጩ ለኔም ጣል አድርግልኝ፤ አህያ ልሁን፣ ግድ የለኝም።»

ማሰሮው ገና አልተቆለፈም፤ አንዲት ቁራጭ ለማንሣት እጅ መዘርጋት ይበቃ ነበር። በቀኙ ሐኪሙ ቆሟል፤ በግራው ሻለቃው። አንዲት ቁራጭ ቢሰጠው፣ ረድፉ ተቀላቀለ፣ ምርመራው ፈረሰ፣ ልጅቱም በገመድ ላይ ናት። ሐኪሙ የሚጠብቀው ይህን እንደ ነበር ድስቴ ያውቃል፤ እጁን እያየ ነበርና።

«ክቡር ሻለቃ» አለ ድስቴ፤ «የታየው አይበቃም? ለዚህ ሰው ልስጠው?»

ሻለቃው ሐኪሙን አየ። «አሥር ቀን ብሎ የጠየቀ እሱ ነው» አለ ሐኪሙ፤ «አሁን ቢሰጠው፣ ማን በምን እንደ ዳነ አላውቅም ብዬ እጽፋለሁ።»

ሻለቃው የራሱን ቁልፍ ከኪሱ አወጣ። ድስቴም የከበሮ መቺውን እጅ ከእጁ ቀስ አድርጎ አላቀቀ፤ መቀርቀሪያውን ዘጋ፤ ቁልፉን አዞረ። «ሦስት ቀን ብቻ ታገሥ፣ ወንድሜ» አለው። ከበሮ መቺው በዘጠነኛው ቀን ጠዋት፣ ለመቀመጥ ቀና ሲል፣ ልቡ ቀጥ ብሎ ሞተ። በዚህ ደዌ ተይዘው ብዙ ቀን የተኙ ሰዎች ሲነሡ እንደዚያ ይሞቱ ነበር።

በአሥረኛው ቀን ሦስቱ ልጣጭ በሊዎች በግቢው ውስጥ በእግራቸው ሄዱ። ሻለቃው ከሦስቱ ይልቅ ሐኪሙን ይመለከት ነበር፤ ሐኪሙ ግን አልደነገጠም፤ የተማረ ሰው የሚያፍርበትን ወረቀት አስቀድሞ አይጽፍም። ከሰዓት በኋላ ድስቴ ተጠራ፤ በጠረጴዛው ላይ አንድ ጽሑፍ ነበር። ፊደሉን በጣቱ እየተከተለ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበው፤ ማንም አላቻኮለውም። ጽሑፉ፣ በሐኪሙ ትጋትና ምርመራ የልጣጭ ጠቀሜታ መታወቁን፣ ጭማቂው የተበላሸው ግን «በመዳብ ቀጥቃጩ ቸልተኝነት፣ በማብሰያው ዕቃ መቆሸሽ» መሆኑን ይናገር ነበር።

«ድስቴ ቆሽሻ አታውቅም» አለ። የተናገረው በዝግታ ነው። «ይህ ውሸት ነው። ያበላሸው እሳቱ ነው ብያችኋለሁ። ንጹሕ ድስት ቢሆንም ያው ነው። እንዲያውም በፈተግኋት ቁጥር ጭማቂውን መግደሏ እየባሰ ሳይሆን አይቀርም።»

«የሚያረጋግጥልህ መጽሐፍ አለህ?» አለ ሐኪሙ።

«ማብሰል የጀመርኩት በእኔ አሳብ ነው እንጂ በእርስዎ አይደለም ብለው ይጻፉ እንግዲያ።»

«ይኸው ጽፌያለሁ፤ ቸልተኝነቱ ያንተ ነው ብያለሁ።»

ሻለቃው መስኮቱን እያየ ነበር። ድዱ መድማቱን ካቆመ አራት ቀን ሆኖት ነበር፤ ከባልቴቷ ማሰሮ በድብቅ ያስመጣ እንደ ነበር ዘቡ ሁሉ ያውቃል። «አሥር ሰው ሞቷል» አለ፤ «ከዚህ ወረቀት ሥር ስም ያስፈልገኛል፤ የበላዮቼ ያለ ስም አይቀበሉኝም። ወይ የሷ ይግባበት ወይ ያንተ። ያንተ ከሆነ የሚመጣብህ ከሥራ መባረር ነው።»

ድስቴ ብዕሩን አንሥቶ ስሙን በትልልቅ ፊደል ጻፈ፤ ለመጻፍም ብዙ ጊዜ ወሰደበት።

ልጅቱ ያን ዕለት ተፈታች፤ ስምንቱም ተለቀቁ። የቀረው ልጣጭ ለሕሙማን ተከፋፈለ፤ በቅርጫት ሥር የደረቀው ሳይቀር ተነከረ፤ እስከ መጋቢት የሞቱት ሦስት ብቻ ነበሩ። የመጀመሪያዋ ጀልባ ስትመጣ ድስቴ መዶሻውንና አንድ ከረጢት ይዞ ወደ ወደቡ ወረደ። ትልቂቱን ድስት የመንግሥት ንብረት ናት ብለው ከለከሉት። ልጁ ሸኘችው፤ ከእስር ከወጣች ጀምሮ ውሃ ትቀዳለት፣ ልብሱን ታጥብለት ነበር፤ ጨዋታ ግን አልነበራቸውም። ጀልባዋ ገመዷን ስትፈታ ጠጋ አለችና፣

«አባዬ፣ ያን ቀን ከሳጥኔ ውስጥ ጠርሙስ ብታገኝ ኖሮስ?» አለችው።

ቀዛፊው መቅዘፊያውን ውሃ ውስጥ ነከረ። ድስቴ አንድ ነገር ሊል ከንፈሩን አላቀቀ፤ ጥያቄው ግን ሁለት ወር ሙሉ ራሱን የጠየቀው ነበር፤ መልሱን በዚያች ወደብ ላይ ጮክ ብሎ ሊናገረው አልቻለም። ጀልባዋ ሄደች። ከዚያ በኋላ ተያይተው እንደ ሆነ የሚናገር የለም።

ሐኪሙ በነገሩ ላይ አሥራ ሁለት ገጽ መጽሐፍ አሳተመ፤ ማዕረግም ተሰጠው። መጽሐፉ ስለ ልጣጭ በአንድ ገጽ ብቻ ይናገራል፤ በቀሩት ገጾች የሚመክረው ጭማቂው በአዲስ፣ በንጹሕና በሚያበራ መዳብ ይቀቀል ብሎ ነው፤ ቆሻሻ ነው ያበላሸው ተብሎ ተጽፏልና። መጽሐፉን ያነበቡ ሌሎች ምሽጎች የሚያበሩ ድስቶች ገዙ፤ አጥበው፣ ፈትገው፣ ቀቀሉ፤ ወታደራቸውም ከአፉ ደማ፤ እነሱም ሌባ ይፈልጉ ጀመር። ከመቶ ዓመት በኋላ የተማሩ ሰዎች ያችን በምላስ የማትታወቅ ነገር ለይተው ቫይታሚን ሲ ብለው ሰየሟት፤ እሳት እንደሚያጠፋት፣ መዳብ ደግሞ ጥፋቷን እንደሚያፋጥነው አረጋገጡ፤ ከነሱ በፊት በመድፍ ጎማ ላይ ተቀምጦ ይህንኑ ያሰበ ሰው እንደ ነበረ የሚያውቁበት መንገድ አልነበራቸውም፤ የሚያውቁት ቸልተኛ ቀጥቃጭ ብቻ ነው፣ እሱንም ካነበቡት። የምሽጉ መዝገብ ከበሮ መቺውን በደዌ ሞተ ይለዋል፤ ሳጥን ተዘግቶበት እንደ ሞተ አይናገርም። ስለ ዘጠኙ ሴቶች የተጻፈው አንድ መስመር ነው፤ ተጠርጥረው ተለቀቁ ይላል። በምን እንደ ተጠረጠሩ ቦታው ባዶ ነው፤ ጤነኞች ሆነው ስለ ተገኙ ብሎ መጻፍ ሐኪሙን ሳያሳፍረው አልቀረም።